ወባን ስላወቅን ደንጊን አወቅን ማለት አይደለም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የደብረ ብርሃን ሰው መሆናቸውን ከመግቢያው ነግረውናል። አማርኛቸው ይጥማል፤ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ሸዋ ሮቢት መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። ጽሑፉን ያነበበ ደንበኛ "እንዲህ ተብሏል እኮ" እያለ ሲከራከረኝ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ትንኝ ስለምታስተላልፋቸው የቫይረስ በሽታዎች፣ ስለ ደንጊ ትኩሳትና ስለ ቺኩንጉንያ፣ "ግንዛቤ ይፈጠር" የሚለው ጩኸት ሰሜን ሸዋን አይመለከትም። በሽታዎቹ የድሬዳዋና የአፋር ናቸው፤ እኛ ደገኞች ነን። ቆላ ያለው ወገናችን ደግሞ ወባን ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቃታል። አጎበር አለው፣ ቦይ ማጽዳትም ያውቅበታል፤ ትንኝ ያው ትንኝ ነው። ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ተለፍፎ የመጣ ለውጥ የለም። መፍትሔው ርጭት ነው፤ ርጭት ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነው። በዚያ ላይ በሽታው አይገድልም፣ መድኃኒትም የለውም። ታዲያ ማወቁ ፍርሃት ከመጨመርና ገበያ ከማቀዝቀዝ ሌላ ምን ይፈይዳል? ይህን ሁሉ ብለዋል። በየተራው ልሂድበት።

"ደገኞች ነን" ካሉት ልጀምር። ሰሜን ሸዋ ማለት ደብረ ብርሃን ብቻ ቢሆን ኖሮ እጄን እሰጥ ነበር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን የቀመሰ ሰው ስለ ትንኝ አያወራም፤ ብርድ ልብስ ነው የሚፈልገው። ትንኟም ቫይረሱም ሙቀት ይወዳሉ። ቫይረሱ ከትንኟ ሆድ ተነስቶ ምራቋ ውስጥ እስኪደርስ በሞቃት አገር ከ8 እስከ 12 ቀን ይፈጅበታል። ብርድ ሲሆን ጊዜው ይረዝማል፤ ትንኟም ሳታስተላልፈው ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ወረርሽኝ ይነሳል ብዬ አልከራከርም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ግን ሌላ አገር ነው የሚገባው። ደብረ ሲና ላይ ገና ጋቢ አለ። አርማንያ ላይ ጃኬት ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት ሲደረስ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። የሸዋ ሮቢት ከፍታ ከ1,300 ሜትር ብዙም አይርቅም። ድሬዳዋም 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። "የእነሱ በሽታ" የተባለው በሽታ የሚወደው ከፍታና ሙቀት እዚሁ ዞናችን ውስጥ አለ ማለት ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው ቀወት ወረዳ ብቻም አይደለም። ኤፍራታና ግድም አለ፤ በረኸት አለ። የሰሜን ሸዋን ግማሽ ቆላ ረስቶ "እኛ" ማለት ደገኛው ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ነውና አልተቀየምኩም።

"አፋር ሌላ ዓለም ነው" የሚለውም አያስኬድም። በ2015 ዓ.ም. ደንጊ አፋር ክልል ውስጥ ሚሌና ሎጊያ ላይ ተቀስቅሶ ነበር። ሚሌ የት ናት? ከጂቡቲ የሚመጣው የጭነት መኪና የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከዚያ አንዱ መንገድ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ከሚሴን፣ አጣዬን፣ ሸዋ ሮቢትን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ሾፌሩና ረዳቱ እኛ ጋ ምሳ ይበላሉ፣ አንዳንዴም ያድራሉ። ሰንበቴ ገበያ ላይ እሑድ እሑድ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ትከሻ ለትከሻ ሲጋፋ ይውላል። ሰው በደንጊ ትንኝ ከተነከሰ በኋላ ሳይታመም ከ4 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ሚሌ ላይ ተነክሶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ሸንኮራውን እየበላ ሮቢት ገብቶ፣ እዚህ ሊተኛ ይችላል። የእኛ ትንኝ ደግሞ ትኩሳቱ ሊጀምረው ሲል ወይም በጀመረው ሰሞን ብትነክሰው ቫይረሱን ትቀበለዋለች። በሽታው ገብቷል እያልኩ አይደለም። በሩ የት ጋ እንደሆነ ነው የማሳየው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። የደብረ ብርሃን ሐኪም ራሱ ይህን ማወቅ አለበት። እዚያ ያሉት ሆስፒታሎች ከቆላው የሚላክላቸውን ታማሚ ያክማሉ። "ሰሞኑን የት ነበርክ?" የሚለው ጥያቄ ካልተጠየቀ ትኩሳቱ ስሙን ሳያገኝ ይቀራል።

አሁን "ትንኝ ያው ትንኝ ነው" ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሮቢት ያለው ሰው ሁሉ፣ ያልተማረውም የተማረውም፣ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

ወባን የምታስተላልፈው አኖፊለስ ናት። ከመሸ ትወጣለች፣ ሌሊት ትነክሳለች። ረግረግ፣ የመስኖ ትርፍ ውሃ፣ ዝናብ ያቆረው ጉድጓድ ላይ ትራባለች። ስለዚህ አጎበር ይሠራል። የግድግዳ ርጭት ይሠራል። ያቆረ ውሃ ማፋሰስም ይሠራል። አያቶቻችን ያወረሱን እውቀት ለእሷ ልክ ነው።

ደንጊን፣ ቺኩንጉንያን፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ቢጫ ወባን የምታዛምተው ግን ኤደስ ኤጂፕቲ የምትባል ሌላ ትንኝ ናት። ጥቁር ናት፤ እግሯ ላይ ነጭ ነጭ ቀለበት አለባት። የምትነክሰው በቀን ነው። በተለይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታትና ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሰዓታት ትበረታለች። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 12 በሉት። እስቲ በእነዚያ ሰዓታት ቤታችሁን አስቡት። አጎበሩ ተጠቅልሎ ላይ ተሰቅሏል። ልጆች ዩኒፎርም እየለበሱ ነው። ቡና እየተቆላ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ንፋስ ይቀበላል። ጆሮ ስር መጥታ ብዙ አትጮህም። ቁርጭምጭሚት ላይ ታርፍና ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች። አጎበር ለእሷ ዋጋ የሚኖረው ቀን ለሚተኛ ሕፃንና ትኩሳት ላለበት ሰው ነው። ይህ ሁለተኛው ብዙ ሰው ጋ አልደረሰም። በደንጊ የታመመ ሰው ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ የሚባለው ትንኟ ከእሱ ወስዳ ለቤተሰቡ እንዳታካፍል ነው።

የምትራባበት ውሃም ሌላ ነው። ጸሐፊው "ሕዝባችን የቦይ ጽዳት ዘመቻ ባህሉ ነው" ብለዋል። ባህል መሆኑ ደስ ይላል። ለደንጊ ሲሆን ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጠቁሮ የሚሸተው የቦይ ውሃ የኩሌክስ ትንኝ ቤት ነው። ኤደስ የምትወደው ከቤት ውስጥና ከግቢ የማይወጣውን፣ ጠርቶ የተቀመጠውን ውሃ ነው። በርሜል። ክዳኑ የጠፋ ሮቶ። አፉ የተቆረጠ ጀሪካን። የዶሮ ውሃ መጠጫ። የአበባ ሳህን። ጣሪያ ላይ የተጣለ ላስቲክ እጥፋት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎማ። ሮቢት የመኪና መንገድ ከተማ ናት፤ በየጎሚስታው ደጅ አሮጌ ጎማ ተከምሯል። ጎማ ውስጥ የገባ የዝናብ ውሃ ጥላ አለው፣ ይሞቃል፣ ማንም አይነካውም። ለኤደስ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ አይገኝም። ጎማው በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ደግሞ እንቁላሏም አብሮ ይጓዛል።

በርሜሉን ቀረብ ብለን እንየው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ውሃ ሲያገኝ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይሞላል። ምን ያድርግ? አንዱን በርሜል ከጓዳ ጥግ አግኝታችሁ የስልክ መብራት አብሩበት። ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ፣ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ፣ እንደ ጥቀርሻ ብናኝ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ታያላችሁ። እንቁላሉ ያ ነው። እያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ውሃው ላይ ደግሞ ጭንቅላቱን ቁልቁል አድርጎ የተንጠለጠለ ትል መሳይ ነገር ካለ እጩ ነው። መብራቱ ሲያርፍበት እየተጥመለመለ ወደ ታች ይወርዳል። ከእንቁላል እስከ ምትበር ትንኝ በሞቃት አየር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ቢፈጅ ነው።

ብዙ ሰው ትሉን ሲያይ ይጸየፍና ውሃውን ይደፋል። ከዚያ በርሜሉን መልሶ ይሞላል። አልጨረሰም። እንቁላሉ ግድግዳው ላይ እንደተጣበቀ ነው። ደርቆም ለወራት ይቆያል። አዲሱ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የሚያስፈልገው በብሩሽ ወይም በሸካራ ጨርቅ ግድግዳውን ፈትጎ ማጠብ ነው፤ በየሳምንቱ። ከዚያ መክደን። ክዳን ከሌለ ጥቅጥቅ ያለ ነጠላ ወይም ወንፊት ጨርቅ በገመድ አስሮ ማልበስ። ይኸው ነው። ይህን ለመናገር ሙሉ ቀን ስብሰባ፣ አበልና ባነር አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ይህች ትንኝ ሩቅ አትበርም። ብዙውን ጊዜ ከተፈለፈለችበት ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ ሜትር አታልፍም። የነከሰቻችሁ ወይ ከግቢያችሁ ናት ወይ ከጎረቤት። ከወንዝ ማዶ ናት ብሎ ማማረር አያዋጣም።

ታዲያ "ወባን እናውቃለን" የሚለው ኩራት ጉዳቱ የት ላይ ነው? እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ አየዋለሁ። ከወራት በፊት አንዲት እናት የላብራቶሪ ወረቀት ይዘው መጡ። የልጃቸው ነው። ደም ፊልሙ ወባ የለም ይላል። "ልጄ፣ ኮአርተም ስጠኝ" አሉኝ። "እናቴ፣ ወባ የለም ይላል እኮ" ስላቸው ሳቁ። "አንተ በወረቀት ነው የምታውቀው። እኔ ወባን ገና ስትመጣ ነው የማውቃት፤ ብርድ ብርድ ብሎታል፣ ዓይኑ ስር ያመዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል" አሉ። ከዓይን ጀርባ የሚያም ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያና የአጥንት ሕመም፣ ድንገት የሚነሳ ትኩሳት። ልጁ የያዘው ምን እንደሆነ እኔ አልመረመርኩም፤ መልሼ ወደ ሐኪም ላክኋቸው። ነገር ግን እናትዬው የዘረዘሩት ምልክት የደንጊን መግለጫ ከወረቀት ላይ ያነበቡ ነበር የሚመስለው። እሳቸው ጋ ግን አንድ መሳቢያ ብቻ ነው ያለው፤ ወባ ይባላል።

ወባ ካልሆነ ደግሞ "ታይፎይድና ታይፈስ" አለልን። አገሬው ሁሉ እየተመላለሰ የሚያመው በሁለቱ ነው። ከዚህ ሌላ ትኩሳት ያለም አይመስለንም። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ እውቀት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው "ሕዝቡ ያውቃል" ሲሉ እኔ የምሰማው "ሕዝቡ ሌላኛዋን ያውቃል" የሚለውን ነው።

ሦስተኛው ነጥባቸው ድሬዳዋ ነው። "ስድስት ዓመት ተሰብኮ ምን መጣ?" ብለዋል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ዝም ብሎ የሚታለፍም አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደንጊ ድሬዳዋን መታ። አገራችን ውስጥ በላብራቶሪ ተረጋግጦ የተመዘገበ የመጀመሪያው የደንጊ ወረርሽኝ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ከዚያ በኋላ ደንጊ ከተማዋን አልፎ አልፎ ሲጎበኝ ቆየ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ። በጥቂት ወራት ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታመመ ተብሎ ተመዘገበ። ከተማዋ ከነገጠሯ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነው ያላት። ቤተሰብ በሙሉ ተኛ፤ ሥራ ቦታ ባዶውን ዋለ። ያው ትንኝ፣ ያው በርሜል፣ ሌላ ቫይረስ። ጸሐፊው ይህን አይተው "ትምህርቱ ከሸፈ" ይላሉ።

በከፊል እስማማለሁ። ባነርና ሞንታርቦ ትንኝ አያባርርም። ሰው የበሽታውን ስም ማወቁ፣ በትንኝ እንደሚተላለፍ መናገሩ፣ በርሜሉን ሊያስከድነው ወይም ላያስከድነው ይችላል። ይህን የዓለም ጤና ድርጅትም ከተቀበለው ቆይቷል። ማስተማር ማለት ማሳወቅ ብቻ ሆኖ ሲቀር እንደማይበቃ አይቶ፣ አንድ የተወሰነ ድርጊት ለይቶ እሱን ማስለመድ ላይ ያተኮረ ዘዴ ያወጣው ለዚሁ ነው።

ግን ሁለት ነገር ዘለዋል። አንደኛው፣ ደንጊ የያዘው ሰው ቺኩንጉንያን የሚከላከልበት አቅም አያገኝም። የድሬዳዋ ሕዝብ ቺኩንጉንያን የሚያውቅ ሰውነት አልነበረውም። አዲስ ቫይረስ፣ ያልተነካ ሕዝብ፣ የተትረፈረፈ ትንኝ፤ እሳቱ የተያያዘው ለዚህ ነው። ያለ ትምህርቱ ስንት ሰው ይታመም እንደነበር ደግሞ ከዚህ ቁጥር አይወጣም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ድሬዳዋ ሙቀቷ የሚያነድ፣ የቧንቧ ውሃዋም የሚቆራረጥ ከተማ ናት። ከቀፊራ እስከ ሳቢያን ሰው በርሜል የሚያስቀምጠው ስላልተማረ አይደለም፤ ነገ ውሃ እንደማይመጣ ስለሚያውቅ ነው። ይህን ሰው "ውሃ አታጠራቅም" ብትለው ይስቅብሃል። "አጠራቅም፣ ግን ክደን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳውን ፈትግ" ብትለው ይሰማሃል። ልዩነቱ የመልእክቱ ነው። የከሸፈው ትምህርት ሰውየው ማድረግ የማይችለውን የሚነግረው ትምህርት ነው። እኛም ሮቢት ላይ በፈረቃ ውሃ ነው የምንኖረው። ከድሬዳዋ መማር ያለብን "አያዋጣም" የሚለውን ሳይሆን ምን ብሎ መናገር እንደሚያዋጣ ነው።

በትልቅ ከተማ ይህን በደንብ ያሰበው ሰው የሕንዷ ዴልሂ ነው። እ.ኤ.አ. 2019 የዴልሂ አስተዳደር የጀመረው ዘመቻ ሦስት አሥሮች ነበሩት። ለ10 ሳምንት፣ በየእሑዱ፣ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 10 ሰዓት ላይ፣ ለ10 ደቂቃ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቤት ያቆረ ውሃ ይፈትሻል። ሳምንት ለምን? እጩ ክንፍ ሳያወጣ ለመድረስ ነው። አሥር ደቂቃ ለምን? ማንም ሰው "ጊዜ የለኝም" እንዳይል ነው። እኛ ጋ ሲሆን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ብለን ብንመርጥ የሚከለክለን የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ይገባሉ፤ እድርም አለን። እድራችን ድንኳን ሲያድል ክዳን አስገዝቶ ቢያድልስ? ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም።

ርጭት ላይ ብዙ አልቆይም። ከመኪና ላይ የሚነፋው ጭስ የሚገድለው በዚያ ሰዓት አየር ላይ ያገኛትን ትንኝ ነው። ኤደስ ደግሞ ቤት ወዳድ ናት። አልጋ ስር፣ የተሰቀለ ልብስ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ጀርባ ትቀመጣለች። ጭሱ እዚያ አይገባም። በርሜሉ ውስጥ ያለውን እጭ ጨርሶ አይነካውም። በሳምንቱ አዲስ ትንኝ ይወጣል፤ ሰውም "ኬሚካሉ ተበላሽቷል" ይላል። ውሃ ውስጥ የሚጨመረው፣ "አቤት" (Abate) የሚባለው መድኃኒት እጩን ይገድላል። እሱም ቢሆን ባለቤቱ ካልፈቀደና ካልተረዳ በማግስቱ ተደፍቶ ይገኛል።

ኩባን እንደ ምሳሌ ላንሳ፤ መንግሥት በሙሉ ኃይሉ ገባ ከተባለ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. 1981 ከ344 ሺህ በላይ ሰው በደንጊ ታሞ 158 ሰው ሞተ። መንግሥቱ ረጨ፣ እውነት ነው። ከርጭቱ ጋር ግን ተቆጣጣሪ ቤት ለቤት እየገባ ዕቃ ይፈትሽ፣ ያቆረውን ያስደፋ፣ እምቢ ያለውን ይቀጣ ነበር። ያ ሁሉ መንግሥታዊ ጉልበት መጨረሻው የሰው በርሜል ጋ ነው የደረሰው። መንግሥት ይሥራ ከተባለ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ቧንቧው በየቀኑ ውሃ ያውርድ። የጎማውን ክምር ያስነሳ። ለጭስ መኪና ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለእነዚህ ሁለቱ የወጣው ይሻለኛል።

ስለ ገበያው ደግሞ፦ ሰው ፈርቶ ይቀራል የተባለው አልታየኝም። ወባ ባለበት አገር ስንት ዘመን ነግደናል። ገበያን የሚጎዳው ግማሹ ነጋዴ አልጋ ላይ ሲውል ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ያሳሰበኝ ነው። "አይገድልም፤ መድኃኒትም የለውም።"

ቺኩንጉንያ አብዛኛውን ሰው አይገድልም፤ ልክ ነው። ነገር ግን የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለወራት፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም በላይ ይቆያል። እጇ አልጨበጥ ያላት እንጀራ ጋጋሪ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው ገበሬ ሦስት ወር ማን ያበላዋል? ደንጊ ደግሞ ይገድላል። እ.ኤ.አ. 1996 ዴልሂ ላይ ከ400 በላይ ሰው ገድሏል። የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነት ነው። አንዱ የያዘው ሰው ከዚያው ዓይነት ይጠበቃል፤ በኋላ ሌላው ዓይነት ሲይዘው ግን በሽታው የሚከፋበት ዕድል ይጨምራል። "አንዴ ይዞኝ አልፏል፣ ምንም አላደረገኝም" የሚል ሰው ይህን አያውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በዚሁ ላይ የዚህች ትንኝ ቤተሰብ የሆኑ ሌሎች ትንኞች በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አገራችን ደቡብ ምዕራብ ላይ ያዛመቱት ቢጫ ወባ ወደ 30 ሺህ ሰው ጨርሷል። ቢጫ ወባ ክትባት አለው፤ ያኔ ግን ከመድረሱ በፊት ሰው አለቀ።

"መድኃኒት የለውም" የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ቫይረሱን የሚገድል ክኒን የለም። ሕክምና ግን አለ። የከፋ ደንጊ በጊዜ ካልታከመ ከመቶ ታማሚ እስከ ሃያ የሚደርሰውን ሊገድል ይችላል። በጊዜ ፈሳሽ እየተሰጠ ክትትል ሲደረግ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ነገር ቶሎ ማወቅ ነው።

ማወቅ የሚያድነው ከሌላም ነገር ነው፤ ከእኛው መደርደሪያ። ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አድቪል ነው። ጠንከር ያለ ሲሆን "ዳይክሎ ውጋኝ" ይላል። አስፕሪንም የሚፈልግ አለ። እነዚህ ሁሉ በደንጊ ጊዜ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ደንጊ ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ለትኩሳትና ለሕመም የሚወስደው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም በልኩ። ውሃ፣ ኦአርኤስ፣ አጥሚት፣ ሾርባ ብዙ ይጠጣል። ይህንን ለመከልከልና ለመፍቀድ የበሽታውን ስም ማሰብ አለብኝ። ደንበኛዬም ለምን እንደከለከልኩት ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ሁለት በር አልፎ ሌላ ቤት ይገዛዋል። "ማወቁ ምን ይፈይዳል" ላሉት መልሴ ይኸው ነው።

ሌላው ሰው የሚሸወድበት ትኩሳቱ የሚወርድበት ቀን ነው። በወባ ልምዳችን ትኩሳት ወረደ ማለት ዳነ ማለት ነው፤ ቤተሰብ ይደሰታል፣ ጠያቂ ይቀንሳል። ደንጊ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፋው ያኔ ነው፤ ሕመሙ ከጀመረ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ። ስለዚህ ትኩሳቱ በወረደ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ከተቁነጠነጠ ወይም ከፈዘዘ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ፤ ስትደርሱም ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀንና ከዚያ በፊት የዋለበትን አገር ንገሯቸው።